ቋጠሮ

የበኩር ልጇ እኔ፣ የማሟጫም እኔ፤
ሁለት ስም ጫነብኝ የመወለድ ቀኔ።

እናቴ አራንካ፣ አሥራ ዘጠኝ ሞልቷት፣
ኦስትራቫ ሆስፒታል፣ ምጡ አጣድፏት፣
ወረቀትና ብዕር ነርሷ አስጨበጠቻት።
«ፈርሚ፣ ለሕፃኑ ነው» አለች። ፈረመች።
ቃሉ ላቲን ነበር።
እናቴ በሮማኒ ታለቅሳለች፣ በቼክኛ ዳቦ ትገዛለች፤
በላቲን የሚያምጥ ግን ማን አለ?
እኔን አወጡና እሷን ቋጠሩ።

ቋጠሩ ስል፣
በደጃችን ያለው ያ ያረጀው ፕለም
በየግንቦቱ ፍሬ እንደሚቋጥረው አይደለም።

ዘጠኝ ዓመት በጣቷ ወር ቆጠረች።
ለማርያም ሻማ፣ ለመድኃኒት አዋቂ ዶሮ ከፈለች።
አባቴ «ሆድሽ ደረቀ» ብሎ ሻንጣውን አነሣ።
በአሥረኛው ዓመት አንድ ወጣት ሐኪም ወረቀት ገልጦ
«እንዴ፣ ራስሽ ፈርመሽ?» አላት።
እስከ ቤት በትራም ቆማ መጣች፣
ባዶ ወንበር ሞልቶ።

ጎረቤታችን ጊዜላም እንደዚያው።
በአንድ የደረጃ መውጫ አራት ሴቶች፣ አራት ጠባሳ፤
አንዷ ለሌላዋ እስክትናገር ሃያ ዓመት።

ድራሆሚራ የምትባል የምክር ቤት አባል ነበረች፣
ድምፅዋ ቀጭን፣ ጫማዋ የጡረተኛ መምህር።
ስማቸውን በእጇ ጽፋ ለመናገር ቆመች።
ከሁለት መቶ ወንበር ሰው ያለበት አሥራ አንድ፤
አንዱ ሳንድዊቹን ይበላል፣ አንዱ ስልኩን ይነካካል፣
«ያለፈ ነገር ነው» ይላል ሌላው፣ ያላለፈበት።
ረቂቁ ወደቀ። በሌላ ዓመት ደግሞ ወደቀ።
በምርጫ ሰሞን ፖስተሯ ላይ ጺም ሣሉባት፣
«የጂፕሲዎች እናት» ብለው ጻፉባት፤
«ምነው በሆንኩ» አለች አሉ። እኔ አልሰማሁም።
በአምስተኛው አለፈ።
ፎቶ ሲነሡ ያን ሳንድዊች የበላውን ሰውዬ
ከፊት አየሁት፣ ከረባቱን አሳምሮ።
እሷ ከጥግ ናት፣ ግማሽ ፊቷ ተቆርጦ።

ጊዜላ ግን ጊዜ አልነበራትም።
ሕጉ ሊወጣ ሁለት ክረምት ሲቀረው ቀበርናት።

ቅጹ አሥራ ሁለት ገጽ ነው። እኔ ሞላሁላት።
«ዶሴው የታል?» አለ የሚኒስቴሩ ሰው።
ዶሴውን ጎርፍ ወስዶታል።
እናቴ ሸሚዟን ልትገልጥ ስትል ዓይኑን መለሰ፣
«እመቤት፣ ጠባሳ ማኅተም የለውም።»
ለወለደች ምጥ ሲያስተምሩ ሰምቻለሁ፤
የተቋጠረችን ሴት «ቋጠሮሽን አምጪ» ሲሉ ያን ቀን አየሁ።

ድራሆሚራ በዝናብ መጣች፣ ካልሲዋ ርሶ።
ማመልከቻውን እወጥ ቤታችን ቁጭ ብላ እንደገና ጻፈችው፣
ነርሷ ምን ዓይነት ቀለበት እንዳደረገች ሳይቀር።
ስትወጣ ለእናቴ «ዘገየን» አለቻት።
ሌላ ንግግር አላደረገችም።
ስለዚህ ነው የምወዳት።

ሦስት መቶ ሺህ ኮሩና።
እናቴ ከባንክ አውጥታ በሻርፗ ጫፍ ቋጠረችው፤
ጣቶቿ አርጅተዋል፣ ጠረጴዛው ላይ በጥርሷ ፈታችው።
ከዚያ ድምፅዋን አውጥታ ትከፍል ጀመር፣
«ይህ የሩዜና። ይህ የቲቦር።
ይህ የትንሿ ዮላና፤ እሷ ደካማ ናት፣ ይጨመርላት።»
እነዚህን ስሞች ሰምቼ አላውቅም።
«ይህ ደግሞ ለጊዜላ መቃብር ድንጋይ።»
ጠረጴዛው በሰው ሞላ።
የምቀመጥበት ጠፋኝ።
«ለኔስ?» አልኳት፣ ልቀልድ ብዬ።
ከገንዘቡ ቀና ብላ ብዙ ጊዜ አየችኝ፤
«አንተማ» አለች፣ «ተወልደሃል።»